የምትወዱትን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ደግማችሁ አይታችሁ የምትመዝኑበት መንገድ

ክረምት ገብቶ ተማሪ ሲበተን አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣብኛል። እዚህ ጎንደር የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ልጆች አጫጭር ኮሜዲ ሲጽፉ አግዛለሁ። ልጆቹም፣ ወላጆቻቸውም፣ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ የሚያገኙኝ ጓደኞቼም የሚጠይቁኝ ይኸንኑ ነው፦ «ያኔ ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበትን ኮሜዲ ሰሞኑን ደገምኩት። ግማሹ ምንም አላለኝም። ድሮም ደካማ ነበር ወይስ እኔ ነኝ የተለወጥኩት?»

በቃል ስመልስ ሁሌ የሆነ ነገር እዘላለሁ። ስለዚህ የምንሠራበትን አካሄድ ከነምክንያቱ እዚህ አስቀመጥኩት። ለአንድ ኮሜዲ ሁለት ሳምንት፣ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ስትጨርሱ «አሪፍ ነው» ወይም «ወርዷል» ከማለት አልፋችሁ የትኛው ቦታ ለምን እንደሠራና የትኛው ለምን እንደወደቀ በደቂቃው ማሳየት ትችላላችሁ።

ለምሳሌ የእንግሊዞቹን ኮሜዲ ሚስተር ቢንን እጠቀማለሁ፤ ያላየው ሰው ስለማይገኝ፣ ንግግሩም በጣም ጥቂት ስለሆነ ሁላችንም እኩል እንረዳዋለን። ቋንቋን ለሚመለከተው ደግሞ የራሳችን ልጆች የጻፉትን አንድ ትዕይንት አመጣለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- 5 ሙሉ ክፍሎች (አጠር አጠር ተደርገው የተቆረጡ ቅንጭቦች አይሆኑም)
- ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪፕቶ
- ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ የተጫነበት ላፕቶፕ፤ ከሌለ ቪዲዮውን ማቆምና መመለስ የሚቻልበት ስልክ
- ድምፅ የሚቀዳ ሌላ ስልክ
- ኢርፎን
- የተሞላ ፓወር ባንክ
- ሁለት ሰዎች፦ አንዱ ኮሜዲውን ጭራሽ አይቶት የማያውቅ፣ ሌላው በዕድሜ ከእናንተ ብዙ ከፍ የሚል

1. ከማየታችሁ በፊት የምታስታውሱትን ጻፉ

ግማሽ ገጽ ይበቃል። የት ሆናችሁ አያችሁት? ከማን ጋር? ስንት ዓመታችሁ ነበር? በቃላችሁ የያዛችሁት ንግግር የትኛው ነው? ከሁሉ በላይ ያሳቃችሁ ትዕይንት ምን ነበር፣ ምን ያህልስ ይረዝማል?

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን በጣም አጥብቄ የምይዘው እሱን ነው። አንዴ ደግማችሁ ካያችሁ በኋላ የድሮው ትዝታ በአዲሱ ስለሚሸፈን ተመልሳችሁ አታገኙትም። ልጅ ሆኜ አዘዞ ጎረቤት ቤት፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወለል ላይ ተቀምጦ ያየነው አንድ ክፍል ነበር። ከእሱ ውስጥ አንዲት ትዕይንት ለዓመታት በዓለም ላይ እንደሷ የሚያስቅ ነገር የለም ስል ኖርኩ። ደግሜ ሳያት 40 ሰከንድ የማትሞላ፣ ሰው ከወንበር የሚወድቅባት ተራ ትዕይንት ናት። ያኔ የሆነው ሌላ ነው፤ የአክስቴን ልጅ በዚያች ሰዓት ሻይ ትን አለው፣ ቤቱ በሙሉ የሳቀው በእሱ ነበር። ይህን ከማየቴ በፊት ጽፌው ስለነበር ትዕይንቷን ሳልወቅስ፣ ትዝታዬንም ሳልጥል ሁለቱን ለየብቻ አስቀመጥኳቸው።

የጻፋችሁትን አጥፋችሁ ደብተሩ መጨረሻ ላይ አኑሩት። እስከ 10ኛው ደረጃ አትክፈቱት።

2. ክፍሎቹን ምረጡና እጃችሁ ላይ አስገቡ

የመጀመሪያውን ክፍል፣ ከመሐል ሁለት፣ ከመጨረሻው አካባቢ አንድ፣ በመጨረሻም የምትወዱትን አንድ ያዙ። የሚወዱትን ብቻ መርጦ መመዘን እህል ሻጭ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ እንደሚያሳየው ነው። የመጀመሪያው ክፍል ገጸ ባሕርያቱ ገና ሳይጠነክሩ ምን ይመስሉ እንደነበር ያሳያችኋል። የመጨረሻዎቹ ደግሞ ጸሐፊው አዲስ ነገር ሲያልቅበት ምን እንዳደረገ ያሳያሉ።

ሚስተር ቢን ክፍሎቹ 15 ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም 25 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ምርጫው ቀላል ነው። ለዓመታት በየሳምንቱ የተላለፈ የአማርኛ ኮሜዲ ከሆነ ግን የመሐሎቹን በዕጣ አውጡ። ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ልጅ ያንሳላችሁ። ራሳችሁ ከመረጣችሁ እጃችሁ ሳታውቁት ወደምትወዱት ይሄዳል።

ኢንተርኔት ላይ ከሆነ የሚገኘው ሌሊት ላይ አውርዳችሁ በፍላሽ ያዙት። ማየት ከጀመራችሁ በኋላ ምስሉ እየተንቀራፈፈ ከቆመ ቀልዱ ሰዓቱን ያጣል፤ እናንተም የኔትወርኩን ጥፋት በኮሜዲው ላይ ትጽፉበታላችሁ።

ጥንቃቄ፦ ፋት 32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ብዙ ክፍል አንድ ላይ የተቀጠለበት ትልቅ ፋይል እምቢ ካላችሁ ፍላሹ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ክፍሎቹን ነጣጥላችሁ ጫኑ።

3. መጀመሪያ ዝም ብላችሁ እዩ፤ ሳቃችሁን ስልክ ይቅዳው

ደብተርና እስክሪፕቶ አርቁ። ሁለተኛውን ስልክ ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጉና ክፍሉ ሲጀምር አብራችሁ አስነሱት። አብሯችሁ የሚያይ ሰው ካለ እየተቀዳ መሆኑን ንገሩት። ከዚያ እንደማንኛውም ቀን እዩ።

እስክሪፕቶ ይዞ የተቀመጠ ሰው አይስቅም፤ ሳቅ ይጠብቃል። መቅጃው ግን እናንተ ያላስተዋላችሁትን ይይዝላችኋል፦ በአፍንጫ የወጣች ትንሽ ሳቅ፣ «አይ!» ያላችሁበትን ቦታ፣ ስለ እራት ማውራት የጀመራችሁበትን ደቂቃ። የመጨረሻዋ ትልቅ መረጃ ናት፤ ሰው ማውራት የሚጀምረው ኮሜዲው ሲለቀው ነው።

በቀን ከሁለት ክፍል በላይ አትዩ። በሦስተኛው ላይ የሚደክመው የእናንተ ጆሮ ነው።

4. ሳቁን በሰዓቱ መዝግቡ፣ ዓይነቱንም ለዩ

ቅጂውን በኢርፎን እየሰማችሁ ክፍሉን ድጋሚ ክፈቱ። የሳቃችሁበትን ደቂቃና ሰከንድ በሰማያዊ፣ ያወራችሁበትን ወይም ዝም ያላችሁበትን በቀይ ጻፉ። ቪኤልሲ ላይ ሺፍትን ይዛችሁ የግራ ቀስት ስትጫኑ 3 ሰከንድ፣ በኦልት ከሆነ 10 ሰከንድ ወደኋላ ይመልሳችኋል፤ ለዚህ ሥራ በጣም ይጠቅማል።

ከእያንዳንዱ ሰማያዊ ምልክት አጠገብ ከአራቱ አንዱን ጻፉ፦

ቃል፦ ያሳቀው የተነገረው ነገር ነው።
ድርጊት፦ ያሳቀው አካል ነው፤ መውደቅ፣ መደበቅ፣ ፊት መለወጥ።
ሁኔታ፦ ሰውዬው የገባበት ጣጣ ነው፤ ሌላ ሰው ቢገባበትም ያስቃል።
ጠባይ፦ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የሚያስቀው።

ለምን ዓይነቱን መለየት አስፈለገ? ዕድሜያቸው እኩል ስላልሆነ ነው። የቃል ቀልድ፣ በተለይ የወቅቱን ወሬ የነካ፣ ቶሎ ያረጃል። ጠባይ ላይ የቆመው ከሁሉም በላይ ይቆያል፤ ሰውዬውን እያወቃችሁት በሄዳችሁ ቁጥር ቀልዱ እየከበደ ይመጣል። ደብተራችሁ ላይ «ጠባይ» የሚለው እየበዛ ከሄደ ጸሐፊው ሰው ፈጥሯል ማለት ነው። «ቃል» ብቻ ከሆነ የፈጠረው ተናጋሪ ነው።

ቀዩንም አንብቡ። ከ3 ደቂቃ በላይ ሳቅ ከሌለ ያንን ቦታ ከፍታችሁ እዩት፦ ለሚመጣው ነገር እያዘጋጀ ነው ወይስ ሰዓት እየሞላ? በአማርኛ ኮሜዲዎች ላይ ሰዓት መሙያው ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚደረግ ረጅም ሰላምታ፣ ከሳሎን ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዞ፣ ወይም የስፖንሰር ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ የሚወራለት ትዕይንት ነው።

5. ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ

ቪኤልሲ ላይ ኤም የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ማን ምን እንደሚፈልግ ከምስሉ ብቻ ይገባችኋል?

ሚስተር ቢን ይህን ፈተና ያለፈው የተሠራው ለዚሁ ስለሆነ ነው። የአማርኛ ኮሜዲ በንግግር ቢጠነክር ነውር የለበትም። ነገር ግን ድምፁ ሲጠፋ ሁሉም ሰው ሶፋ ላይ ተደርድሮ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ያ የሬዲዮ ድራማ ነው፤ ድክመቱንም በቀይ ጻፉት። በተቃራኒው አንዲት ተዋናይ ሌላው ሲናገር ምን እንደምታደርግ ተመልከቱ። ያለ ድምፅ ሲታይ ጥሩ አድማጭ የሆነ ተዋናይ ወዲያው ይለያል። ልጆቻችን ከሁሉም ደረጃ በላይ የሚገረሙት እዚህ ላይ ነው፤ «ይህችን ልጅ እስከ ዛሬ አላየኋትም ነበር» ይላሉ።

6. ምስሉን ሸፍናችሁ አዳምጡ

አሁን ተቃራኒውን አድርጉ፤ ማያውን በነጠላ ሸፍኑት ወይም ጀርባ ሰጥታችሁ ተቀመጡ።

አንደኛ፣ ከኮሜዲው ጋር አብሮ የሚሰማ የተመልካች ሳቅ ካለ አሁን ጎልቶ ይሰማችኋል። ሚስተር ቢንም አለው። ያ ሳቅ ባይኖር እዚያ ቦታ ትስቁ ነበር? የእናንተ ሳቅ ሁልጊዜ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ምልክቱ አጠገብ «ተጎትቼ» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ተርጓሚ ድምፅ የገባበት ሥራ ከሆነ፣ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ጆሯችን የለመደው ዓይነት ማለቴ ነው፣ የቀልዱ መዘግየት የጸሐፊው ላይሆን ይችላል። የአማርኛው ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ የሚያስቀው ቃል የሚሰማው ተዋናዩ አፉን ከዘጋ በኋላ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በዋናው ሥራ ላይ አትቁጠሩበት።

ሦስተኛው የራሳችን ቋንቋ ጉዳይ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ ሰፊው፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ጸሐፊው ሲጽፍ ይስቃል። አፍ ግን አንዱን መምረጥ አለበት፤ ተዋናዩ ሲመርጥ ሌላው ትርጉም ይሞታል።

ልጆቻችን የጻፉት ትዕይንት ይህ ነበር። ማራኪ አካባቢ የተከራየ ተማሪ ነው፤ አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው፦

«ልጄ፣ ኪራዩስ?»
«ገና ነው እትዬ።»
«እሺ እንግዲህ፣ ይሁን።»

እሳቸው በዓሉ ነው ብለው ገባቸው። ልጁ ለምን መጠየቅ እንዳቆሙ ግራ እንደገባው ይከርማል፤ ታኅሣሥ 29 ጠዋት በአንድ እጃቸው ድፎ ዳቦ፣ በሌላው የኪራይ ደብተራቸውን ይዘው በሩን ያንኳኳሉ። ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መድረክ ላይ ሲሠራ ግን አንድም ሰው አልሳቀም። ቅጂውን ስናዳምጥ ምክንያቱ ተገኘ፤ ልጁ «ገና»ን አጥርቶ አላልቶ ስለተናገረው አከራይዋ ሌላ ነገር ሊሰሙ አይችሉም። ተመልካቹ የታዘበው ቀልዱን ሳይሆን የአሮጊቷን ጆሮ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ልጁ አፉን ሞልቶ ቆሎ እየቆረጠመ መለሰ። ነገሩ ተስተካከለ፤ ተመልካቹም እንደ አከራይዋ የቱን እንዳለ መለየት አልቻለም።

እናንተም የቃል ቀልድ ስትመዘግቡ ከሚጠብቀው ፊደል ሥር መስመር አስምሩ፤ ከዚያ ተዋናዩ እንዴት እንዳለው ተመልሳችሁ ስሙ። «ጽሑፉ ደከመ» ከተባሉት ቀልዶች ብዙዎቹ ጽሑፋቸው ደኅና ነው፤ የጎደላቸው ቆሎው ነው።

7. ከሳቁ ወደኋላ ተመለሱ

ከሰማያዊ ምልክቶቻችሁ መካከል ትልልቆቹን 5 ምረጡ። ለእያንዳንዱ ወደኋላ እየሄዳችሁ ይህን ሳቅ ያዘጋጀውን ቦታ ፈልጉ። እኛ መንደርደሪያና ማሳረፊያ እንላቸዋለን። በመካከላቸው ያለውን ጊዜ ጻፉ።

የሚስተር ቢን የመጀመሪያው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1990 የተላለፈው፣ ለዚህ መለማመጃ ይሆናል። ሦስት ታሪክ ነው ያለው። በአንደኛው ቢን ለሒሳብ ፈተና ይቀመጣል። ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ ነው፤ ከፖስታው ያወጣው ወረቀት ካልኩለስ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከጎኑ ካለው ተፈታኝ ለመኮረጅ የሚያደርገው ጥረት ነው። መጨረሻ ላይ ሲሰማ ፖስታው ውስጥ ሁለቱም ፈተናዎች ነበሩ። መንደርደሪያው ከመጀመሪያው ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይናችን ሥር ተቀምጦ ነበር። ደግማችሁ ስታዩ ዓይናችሁ ከፖስታው አይነሳም፤ መጀመሪያ ያሳቀን ኩረጃ አሁን ደግሞ ያሳዝናል። ሁለተኛ እይታ ላይ እንዲህ አዲስ ነገር የሚሰጥ ቀልድ ጠንካራ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። ቢን የዋና ቁምጣ መልበስ ይፈልጋል፤ አጠገቡ ግን ሰው ተቀምጧል። ሱሪውን ሳያወልቅ ቁምጣውን ለመልበስ ብዙ ይታገላል። ታግሎ ሲጨርስ ሰውዬው ይነሳል፤ ዓይነ ስውር ነው። ስትደግሙት ቢንን ተዉትና ሰውዬውን ብቻ ተከታተሉ። አሠሪዎቹ ተመልካችን አታለዋል ወይስ ማየት ለሚፈልግ ፍንጭ ትተዋል? ይህን ጥያቄ በምትወዱት ኮሜዲ ላይም ጠይቁ። ማሳረፊያው ከሰማይ የወረደ ከሆነ አንዴ ያስቃል፤ ሁለተኛ ባዶ ነው።

የተደጋገመ ቀልድም እዚሁ ይመዘናል። ቢን በመንገዱ ላይ የምትገኝ ሰማያዊ ባለ 3 ጎማ መኪናን በተለያዩ ክፍሎች ውስጥ መከራዋን ያሳያታል። የሚሠራው አደጋው በየጊዜው መልኩ ስለሚለወጥ ነው። የምትወዱት ኮሜዲ ውስጥ ያለው ሰው አንዲት አባባል በየክፍሉ የሚደግም ከሆነ አምስቱንም አወዳድሩ። ቦታዋ ወይም ትርጉሟ ከተለወጠ ጥንካሬ ነው። ልክ እንደ በር ደወል በገባ ቁጥር ብቻ የምትጮህ ከሆነ ድክመት ነው፣ ልጆች ሰፈር ውስጥ ቢደግሟትም።

8. የሚሳቀው በማን ላይ ነው?

ከእያንዳንዱ ትልቅ ሳቅ አጠገብ የተሳቀበትን ሰው ጻፉ። ከዚያ የተሳቀበት በሠራው ነገር ነው ወይስ በማንነቱ?

የባሕር ዳርቻውን ትዕይንት ውሰዱ። ዓይነ ስውር አለበት፤ የተሳቀው ግን በእሱ አይደለም። ሰውዬው ክብሩ ሳይነካ ተነስቶ ይሄዳል፤ የተሳቀው ማንም ሳያየው ሲያፍር በቆየው ቢን ነው። አካል ጉዳት ስለታየ ብቻ «ነውር» ብላችሁ አትለፉት፤ ሳቁ የት እንዳረፈ ፈልጉ።

እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አነጋገር ነው። ጎንደር ተቀምጦ ይህን ማየት አዲስ አበባ ተቀምጦ ከማየት ይለያል። አንድ እሁድ ከቡና በኋላ አክስቴ አብራኝ ስታይ ሠራተኛዋ መናገር ስትጀምር ስኒዋን አስቀመጠችና «ይቺ የማን አገር ልጅ ናት? ግማሹ የኛ፣ ግማሹ የጎጃም፣ ግማሹ የማንም» አለች። ያን ክፍል በልጅነቴ ስቄበት ነበር። የአነጋገሩ ስህተት የጽሑፍ ድክመት ነው፤ ጸሐፊው ሴትየዋን አያውቃትም ማለት ነው።

መፈተኛው ይህ ነው፦ ያንኑ ንግግር በከተማ ልጅ አነጋገር ጮክ ብላችሁ አንብቡት። አሁንም ካሳቀ ቀልዱ የሠራተኛዋ ብልህነት፣ ድፍረት ወይም የዋህነት ነበር፤ አነጋገሯ ጌጥ ነው። ከጠፋ ግን ያሳቀው ዘዬዋ ብቻ ነበር፤ በቀይ ይጻፍ። አንዳንድ ኮሜዲዎች ላይ ይህን ፈተና ሳደርግ ያቺ ሠራተኛ ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ የምታስቅ፣ ምርጥ የተጻፈች ሆና አግኝቻታለሁ። ስለዚህ ሳትፈትኑ አትፍረዱ።

9. ሁለቱን ሰዎች ጥሩ

ኮሜዲውን የማያውቀውን ሰው ከአምስቱ አንዱን ብቻ አሳዩት። የምትወዱትን ሳይሆን ከመሐል በዕጣ የወጣውን። ድምፁን ቅዱ። «ይኼ ነው አሁን!» እያላችሁ አትጎትጉቱት፤ በዓይናችሁም ፊቱን አትጠብቁ፤ ሰው ለይሉኝታ ይስቃል። ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ቀጣዩን ታያለህ?»

ትልቁን ሰው ስትጠሩ ቡና ይፈላ፤ ሰዓቱም የእሳቸው ይሁን። ምን እንዳሳቃቸው ከመጠየቅ የቱ እውነት እንደመሰላቸው ጠይቁ። «እንዲህ ያለች ጎረቤት ነበረችኝ» ካሉ ያቺን ገጸ ባሕርይ በሰማያዊ ከበቧት።

10. መዝኑ

አሁን የታጠፈውን የመጀመሪያ ገጽ ክፈቱ። ትዝታችሁን ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ፤ በትዝታው ውስጥ ኖሮ በመዝገቡ ውስጥ የሌለው ከሰዎቹና ከዘመኑ የመጣ ነው። ያ የእናንተ ነው፣ ከኮሜዲው ላይ አይቀነስም፣ አይደመርለትምም።

ሰማያዊና ቀዩን ቆጥራችሁ አታቀናንሱ፤ ድክመቶች እኩል አይደሉም። ለእያንዳንዱ ቀይ «ይህ ቢወጣ ኮሜዲው ይቆማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ድምፅ መጥራት አለመጥራቱ፣ መብራቱ፣ ጠባብ ሳሎኑ ቢወጡ ይቆማል፤ እነዚህ የገንዘብ ጉዳዮች ናቸው። ሰዓት መሙያው ቢወጣ እንዲያውም ይሻለዋል። ዋናው ሳቅ ራሱ በሰው ዘዬ ወይም መልክ ላይ የተተከለ ከሆነ ግን ሲወጣ ቤቱ ይፈርሳል፤ ከባዱ ድክመት እሱ ነው።

ለጥንካሬውም እንዲሁ፦ «ይህን ሌላ ኮሜዲ ውስጥ አገኘዋለሁ?» መልሱ «የትም» ከሆነ እሱ ምሰሶው ነው።

ከዚያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ አንዱ ስለ ጥንካሬው፣ አንዱ ስለ ድክመቱ፣ አንዱ ስለ ሚዛኑ፣ ሦስቱም ክፍልና ደቂቃ ወይም ትዕይንት የጠቀሱ ይሁኑ። የእኔ ይህን ይመስላል፦

«የቢን ጉልበት ችግሩን ራሱ ፈጥሮ፣ ራሱ ብቻ በሚያስበው መንገድ ለመውጣት መታገሉ ነው፤ የፈተናው ፖስታና የባሕር ዳርቻው ቁምጣ ያሳያሉ። ድክመቱ አብዛኞቹ ሌሎች ሰዎች የእሱ መሰናክል ብቻ መሆናቸው ነው፤ ከክፍል ክፍል ይዘናቸው የምንሄደው ሰው ጥቂት ነው፣ ቢንም ከምንም አይማርም። ጉልበቱ ድክመቱን ይሸከመዋል፤ በየክፍሉ አዲስ ጣጣ ስለሚያመጣ አለመማሩ ራሱ መንደርደሪያ ይሆናል።»

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

በቅንጭብ መፍረድ፦ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ማሳረፊያውን ብቻ ይዞ ይመጣል። መንደርደሪያው ስለተቆረጠ ጥሩው ቀልድ ደካማ፣ ጩኸቱ ጥሩ ይመስላል።

ተዋናዩንና ገጸ ባሕርይውን መቀላቀል፦ ተዋናዩ በኋላ ስለሠራው ወይም ስለተናገረው ነገር ያላችሁ ስሜት ደብተሩ ውስጥ አይግባ። የምትመዝኑት ማያው ላይ ያለውን ሰው ነው።

ያረጀን ከደከመ አለመለየት፦ ስለ ያኔው የታክሲ ሒሳብ የተቀለደ ዛሬ ባያስቅ ጥፋት የለበትም። ከአጠገቡ «አርጅቷል» ብላችሁ በሰማያዊ ጻፉ። ያኔ የነበረ ሰው ጠርታችሁ አስነብቡት፤ ከሳቀ ቀልዱ በደንብ ተሠርቷል።

በአንድ ድክመት ሁሉን መጣል፣ ወይም ለፍቅር ብሎ ድክመትን አለመጻፍ፦ ሁለቱም የሚመጡት 10ኛውን ደረጃ ከ4ኛው በፊት ስለሚጀምሩት ነው። ደቂቃው ሳይጻፍ ፍርድ አይጻፍ።

መብራት ሲጠፋ ማቋረጥ፦ ከመሐል ተቋርጦ በማግሥቱ የሚቀጥል እይታ ቅጂው ዋጋ የለውም፤ መንደርደሪያውን ረስታችሁ ማሳረፊያው ላይ ትደርሳላችሁ። ፓወር ባንኩን ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩ ላይ ሰኩት። ላፕቶፑ ከጠፋባችሁ ያንን ክፍል እንደ 6ኛው ደረጃ በስልክ አዳምጣችሁ ጨርሱት፤ ለ3ኛው ደረጃ ደግሞ በሌላ ቀን ከመጀመሪያው ጀምሩ።